የባዶ ክፍል ድምፅ

አባቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ሰባት ወይ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ ተኝቼ ከአንድ ደንበኛ ጋር ሲያወራ ሰማሁት። ደንበኛው ወንድ ይሁን ሴት ዛሬ አላስታውስም። «ምንም አይሰማም እኮ፣ ሞቷል» የሚል ነገር አለ። አባቴም «የሞተ ድምፅ የለም» ሲል መለሰ፤ «ዝም ያለ የሚመስለን ስላላዳመጥነው ነው። የእርስዎ ቤት ዝምታና የእኔ ቤት ዝምታ እንኳ አንድ አይደሉም።» ደንበኛው የመለሰው ነገር ነበር፤ እኔን ግን እንቅልፍ ወሰደኝ። መልሱ እንዳመለጠኝ ቀረ። የያዝኩት ግማሽ ግን ሠላሳ ዓመት በፖሊስነት እንጀራዬ ሆኖ ኖሯል።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሳጅኗ ደወለች።

«ኢንስፔክተር፣ ቶሎ ይምጡ። ቁርስ ካልበሉ ደግሞ እንዳይበሉ።»

ቦታው የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት ነው፤ የሙዚቃ መቅረጫ ስቱዲዮ። ግድግዳው በስፖንጅና ባረጀ ምንጣፍ ተለብጧል። ወለሉ ላይ በጠመኔ ትልቅ ክብ ተሠምሯል። በክቡ ዙሪያ አምስት ጥቁር ሻማዎች ቆመዋል። መሐሉ ላይ አንድ ሽበታም ሰው በጀርባው ተኝቷል፤ ሰሌን ላይ ጋደም ያለ ይመስል ነበር፣ ግራ ጆሮ ግንዱ ባይደማ።

«የድምፅ መሐንዲሱ ነው፤ የስቱዲዮውም ባለቤት» አለች ሳጅኗ። «ሰው ሁሉ ‹ጆሮ› ነው የሚለው። የጽዳት ሠራተኛዋ ናት ያገኘችው። ሐኪሙ ትናንት ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ነው የሞተው ይላል። የተመታው በዚያ ነው።»

ጣቷን ወደ ማይክ መቆሚያው ቀሰረች። ከሥሩ ከባድ ክብ የብረት መቀመጫ አለው። ተጠርጎ ጥግ ላይ ከሌሎቹ እኩል ተሰልፏል።

«የሳምንቱን ቀረጻ የያዘው ዲስክም የለም። እዚህ ሲቀርጹ የሰነበቱት ሄቪ ሜታል ተጫዋቾች ናቸው፤ ሦስት ሰዎች። አልበሙ ‹ከመሬት በታች ያለው ዙፋን› ይባላል። ጥንቆላ፣ መናፍስት መጥራት፣ ምኑ ቅጡ! ይኸው አራተኛው ዘፈን።»

ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። የመሬት በታቹ ንጉሥ ሲጠራ ክብ ይሠመራል፤ አምስት ጥቁር ሻማ ይበራል፤ ሰው መሐሉ ላይ ይተኛል። ንጉሡ ሻማዎቹን አንድ በአንድ እፍ እያለ ያጠፋቸዋል።

«ግጥሙ የማን ነው?»

«የዘፋኙ። ‹ቁራ› ይሉታል። ይዘነዋል። አዛዡ ጉዳዩ እስከ ዓርብ ይዘጋ ብለዋል፤ ጋዜጠኞቹም በር ላይ ናቸው።»

ጎንበስ ብዬ ሻማዎቹን አየሁ። ለአልበሙ ሽፋን ፎቶ የተገዛ ሙሉ ካርቶን ሻማ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ ማንም ሊያነሳ ይችላል። እነዚህ አምስቱ የቀለጡት የጥፍር ያህል ብቻ ነው። ያበራቸው ሰው ችኮላ ነበረበት።

ሰይጣን መኖሩን አምናለሁ፤ ባላምን በየጠዋቱ ያን ሁሉ ጸሎት ማንን ልከላከልበት ነው? ግን በሠላሳ ዓመት ሥራዬ የብረት መቆሚያ አንስቶ ሰው መትቶ፣ በጨርቅ ጠርጎ ወደ ሰልፉ ሲመልስ አግኝቼው አላውቅም። ዕቃ ወደ ቦታው የሚመልሰው ቦታውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ከላይ አንዱ ቧንቧ ሳይከፍት አልቀረም፤ ከግድግዳው ጀርባ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ማፏጨት ጀመረ።

«ምንድን ነው?»

«የውኃ ፓምፕ ነው ጌታዬ» አለ የሕንፃው ጥበቃ ከበሩ ላይ።

ቁራ ቀጭን ነው፤ ልብሱም ጥፍሩም ጥቁር። ከፊቱ ካለው ወረቀት ጫፉን ቀዶ እያጠፈ ትንሽ ወፍ ይሠራል።

«ማክሰኞ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ የት ነበርክ?»

«ስዞር።»

«የት የት?»

«በክብ ነው የዞርኩት ብልዎት ደስ ይልዎታል?»

«ጆሮን ገድለሃል?»

እጁ ቆመ። «ጆሮ ከቤት ስባረር ስድስት ወር ስቱዲዮው ውስጥ አስተኝቶኛል። ልጄ ነው ያለኝ። አባት ይገደላል?»

«ማን ነው ከቤት ያባረረህ?»

ወፏን ጠረጴዛው ላይ አቆማትና አፉን ዘጋ። ከዚያ በኋላ በጉጠትም ቢሆን ቃል አይወጣም።

ድራም መቺውን ‹ዶማ› ይሉታል። ጢሙ ደረቱን የሸፈነ፣ በር ላይ ሲቆም ክፍሉን የሚያጨልም ሰው ነው። «ጂም ነበርኩ» አለ፤ ላብ አጠመቀው። ሳጅኗ ሄዳ አጣራች። ጂሙ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ቀለም ሲቀባ ውሏል። አንድ ቀን ሙሉ ዶማን ተከታተልን፤ ጋዜጦቹም «ሁለተኛው ተጠርጣሪ» ብለው ፎቶውን አወጡት። ጢሙ ለጋዜጣ የተፈጠረ ነው።

ጊታር ተጫዋቹን ያገኘሁት ትምህርት ቤት ነው። ሃያ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው፤ ባንዱም ተማሪዎቹም ‹ቲቸር› ነው የሚሉት። ስገባ ተማሪዎቹን እያየ እያስረዳ፣ ወደ ሰሌዳው ሳይዞር እጁን አንዴ አሽከርክሮ ክብ ሠመረ። ሲደወል እጁን አራግፎ ወደ እኔ መጣ።

«ጆሮ ነው ሰው ያደረገኝ» አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «ማክሰኞ ከሰዓት ክፍል የለኝም። ቤቴ ሆኜ የአራተኛውን ዘፈን የጊታር ሶሎ ስቀርጽ ነበር። ይኸው ፍላሹ። ሰዓቱ አብሮ ተጽፏል፤ ባለሙያ ያሳዩት።»

«ሰኞስ? ስቱዲዮ ውስጥ ነበራችሁ?»

«እነሱ ነበሩ። እኔ ፈተና ሳርም ዋልኩ።»

ፍላሹን ባለሙያችን መረመረው። ሶሎው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ተቀርጿል፤ ሰዓቱ አልተነካካም። «ይኼኛው ጸድቷል» አለች ሳጅኗና ስሙ ላይ መስመር አሰመረች። ሶሎውን እኔም ሰማሁት። የዚህ ሙዚቃ ወዳጅ አይደለሁም፤ ግን ፀጉሬ ቆመ።

የቁራ እናት ከስቱዲዮው ራቅ ባለ ሌላ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። የሆስፒታል አንሶላ በቤቷ ትተኩሳለች። እንፋሎቱ መሐል ቆማ፣ ካውያውን ሳታስቀምጥ አነጋገረችኝ።

«ልጅ ነበረኝ። ያን የሰይጣን ዘፈን የጀመረ ቀን ቀበርኩት።»

«እማማ፣ የቀበሩት ልጅ እኔ ዘንድ ሾርባ እየጠጣ ነው። ጨው አነሰው ይላል።»

ከንፈሯ ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። «ድሮም ጨው ይወዳል» አለች፤ ወዲያው ካውያውን አንሶላው ላይ ጫነችው።

«ማክሰኞ ከሰዓት እዚህ መጥቶ ነበር?»

«በሬን ለማንም አልከፈትኩም።»

የጠየቅኩት ስለ ልጁ ነው፤ የመለሰችው ስለ በሩ ነው። እንዲህ ያለ መልስ ሲገጥመኝ አልከራከርም። ባርኔጣዬን አንስቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ፣ ከበሯ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ከግድግዳው ሥር ወረቀት ወድቋል። ከአውቶቡስ ቲኬት የተሠራች ወፍ ናት። ፈትቼ አነበብኩት፤ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአርባ።

ተመልሼ አንኳኳሁ። አልከፈተችም።

ወፏን ለቁራ ሳሳየው ፊቱ ዐመድ መሰለ። «እናቴን አይንኳት» አለ። «ምስክር ምናምን ብላችሁ ስሟን ከስሜ ጋር እንዳትጠሩ። ጋዜጣ ላይ አውጡኝ፣ ስቀሉኝ፤ እሷን ተዉአት።»

«ቲኬቱ መምጣትህን እንጂ መቆየትህን አያሳይም። ስንት ሰዓት ሄድክ?»

«ጨርሻለሁ» አለ።

እንዲህ ያለውን ግትር እኔ እወዳለሁ። አዛዡ ግን አይወዱም።

ሐሙስ ከሰዓት ሳጅኗ እየሳቀች ገባች። «የዶማ ውሎ ተገኘ! ማክሰኞ የት እንደነበር ቢገምቱ ደሞዜን እሰጥዎታለሁ።»

«መጠጥ ቤት።»

«ቤተ ክርስቲያን! የመዝሙር ልምምድ ላይ፣ መዘምራን መሐል ቆሞ በወፍራም ድምፅ ሲዘምር። ከስምንት እስከ አሥራ አንድ፤ አርባ ሰው አይቶታል።»

ዶማ ከኋላዋ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። «ልጆቹ ከሰሙ በሳቅ ይገድሉኛል፣ ኢንስፔክተር። የዙፋኑ ድራም መቺ እሁድ እሁድ ነጭ ለብሶ ይዘምራል ቢባል...»

«ማን ሳቀ?» አልኩ፤ ሳቄን እየዋጥኩ። «ተቀመጥ። ስለ ጆሮ ንገረኝ። አሠራሩን።»

ዶማ ተቀመጠ፤ ወንበሩ አቃሰተ። ከኪሱ ፍላሽ አወጣ። «ሰኞ የቀረጽነውን እንድለማመድበት ሰጥቶኝ ነበር። ዲስኩ ስለጠፋ የቀረን ይኼ ብቻ ነው።»

አራተኛውን ዘፈን ከፈትነው። ቁራ ይጮሃል፣ ያቃስታል፣ ንጉሡን ይጠራል። መሐል ላይ ከበሮውም ሁሉም ይቆምና ባዶ ድምፁ ብቻውን ይቀራል።

«ሰባት ሻማ ነው ያለው?» አለች ሳጅኗ። «ወረቀቱ ላይ አምስት ነው።»

«ሰኞ ነው የቀየረው፤ እዚያው ማይኩ ፊት ቆሞ» አለ ዶማ። «ጆሮ በጣም ወደደው። ወረቀቱን አላረምነውም።»

«ማን ማን ያውቃል?»

«ቁራ፣ እኔ፣ ጆሮ። ቲቸር አልነበረም።»

ዘፈኑ አለቀ። ለመዝጋት እጄን ስሰድ ዶማ ያዘኝ። «አላለቀም እኮ። ጆሮ ምንጊዜም መጨረሻ ላይ አንድ ደቂቃ ባዶ ክፍሉን ይቀርጻል። ማንም አይተነፍስም። በኋላ የክፍሉን ጉምጉምታ ከዘፈኑ ላይ ለማጽዳት ይጠቅመዋል። ያችን ደቂቃ የሚቆርጥ ጀማሪ ነው ይለን ነበር። እኛም ለመደብን፤ ቤታችን ስንቀርጽ እንኳ ሳናስበው እንተዋለን።»

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ዓይኔን ጨፈንኩ። አባቴ መጋረጃው ወዲያ የቆመ መሰለኝ። ከዝምታው ሥር አንድ ነገር ጀመረ፤ እንደ ደከመ በሬ ረጅም ማቃሰት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ፓምፑ ነዋ! ጆሮ አሥር ዓመት ሲረግመው ኖሯል።»

«ረቡዕ ጠዋት የሰማሁት ፓምፕ አያቃስትም። ያስነጥሳል።»

ሁለቱም አዩኝ። የቲቸርን ፍላሽ አስመጣሁ። ሶሎውን ዘልዬ መጨረሻውን ከፈትኩ። እሱም ያችን ደቂቃ ትቷታል። ሃያ ሰከንድ ምንም የለም። ሠላሳ። ከዚያ ሁለት ማስነጠስ፣ ቀጥሎም ቀጭን ፉጨት።

ሳጅኗ ቀስ ብላ ማዳመጫዋን አወለቀች። ስሙ ላይ ያሰመረችውን መስመር በጣቷ ለማጥፋት ስትሞክር አየኋት።

የቧንቧ ሠራተኛውን ከሌላ ሕንፃ ጣሪያ ላይ አወረድነው።

«ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው አሮጌውን ነቅዬ አዲሱን የገጠምኩት» አለ። «ማስነጠሱ የእኔ ጥፋት ነው፤ አልዋሽም። አንድ ጎማ ጎደለኝና በጨርቅ ጠቅልዬ ዘጋሁት። ነገ እመለሳለሁ ብዬ ሄድኩ፤ በነጋታው እናንተ በሩን አሸጋችሁት።»

«ሌላ ቦታ እንዲህ የሚያስነጥስ ፓምፕ አለ?»

ደረቱን ነፋ። «ጌታዬ፣ በሌላ ቦታ እንዲህ አበላሽቼ አላውቅም!»

የቲቸርም ቤት ሄድን። መሬት ላይ ያለ ቤት ነው፤ ፓምፕ ቀርቶ የውኃ ጋን የለውም።

ዓርብ ጠዋት ቲቸር ከፊቴ ተቀመጠ። ቀረጻውን አሰማሁት፤ የቧንቧ ሠራተኛውን ቃል አነበብኩለት።

«ሰዓቱ እውነት ነበር» አልኩት። «ውሸቱ ቦታው ላይ ነው። ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ስቱዲዮው ውስጥ ነበርክ። ክቡም መጀመሪያና መጨረሻው የማይታይ ነው፤ በአንድ እጅ፣ በአንድ ትንፋሽ የተሠመረ። እንዲህ ያለ ክብ አንዴ ብቻ አይቻለሁ፤ የክፍልህ ሰሌዳ ላይ።»

ጀርባውን ወንበሩ ላይ ለቀቀ። ሃያ ዓመት ጥያቄ ሲመልስ የኖረ ሰው ነው።

«እሺ፣ ነበርኩ። ፈርቼ ዋሸሁ። ቀረጽኩ፣ ወጣሁ፤ ስወጣ ጆሮ በሕይወት ነበር። ክብ ማንም ይሠምራል። ከእኔ በኋላ ማን እንደገባ ግን ግጥሙን ይጠይቁት። ያ ልጅ ሦስት ሰዓት ሙሉ የት እንደነበር የሚናገርለት ሰው አለ?»

አልነበረም። እሱም ያውቃል። እኔም ያለኝን የፓምፕ ማስረጃ ብቻ ይዤ እናትየው ዘንድ ሄድኩ።

ከፈተችልኝ። እኔ አንሶላዎቹ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ልጅዎ የሠራው ኃጢአት ካለ እሱና ፈጣሪው ይነጋገሩበት። የገደለው ሰው ግን የፊታችን ሰኞ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ሊያስተምር ነው፤ ልጅዎ በእሱ ፈንታ ዕድሜ ልኩን ሊታሰር። ማክሰኞ ደረጃው ላይ ነበር። ስንት ሰዓት እንደሄደ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ካውያው አንሶላው ላይ ቆየ፤ የመቃጠል ሽታ መጣ። ደንግጣ አነሳችው። የካውያውን ቅርጽ የያዘ ቡናማ ምልክት ቀርቷል።

«ጫማውን አየሁት» አለች፤ ምልክቱን እያየች። «ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት። የግራው ማሰሪያ ነጭ፣ የቀኙ ጥቁር ነው፤ አንዱ ሲበጠስ እኔ ነኝ የቀየርኩለት። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል መጣ። አሥራ አንድ ተኩል እስኪሆን አልተነሳም። አንኳኩቶ ቢሆን...»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብከፍት ዘፈኑን የመረቅኩ መሰለኝ። ብናገር ደግሞ ልጇን ሦስት ሰዓት ሙሉ በሯ ላይ አስቀምጣ ያልከፈተች እናት ተብዬ አገር ሊሰማኝ ነው። ለእግዚአብሔር ነገርኩት። ለሰው አፈርኩ።»

«እሱም ስምዎ እንዳይነሳ ብሎ ነው አፉን የዘጋው።»

እስክሪብቶውን ራሷ ከእጄ ወሰደች። ቃሏን ሰጥታ ፈረመች። ስነሳ ግን «ቃሌን ሰጠሁ ማለት በሬን ከፈትኩ ማለት አይደለም» አለች።

«ያዳመጥኩት እንደዚያው ነው» አልኳት።

የእናትየውን ፊርማ ቲቸር ፊት አስቀመጥኩት።

«ሻማው ሰባት እንደሆነ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች በሕይወት አሉ። አንዱ አርባ ሰው መሐል ሲዘምር ነበር። አንዱ እናቱ በር ላይ ነበር። አምስት ያበራው ሰኞ ያልነበረው ነው።»

ወረቀቱን እንደ ፈተና ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበው፤ የሚያርመው ስህተት ሲያጣ አስቀመጠው።

«ከተጫወትኩት ሁሉ ምርጡ ነበር» አለ። «ሃያ ዓመት የጠበቅኩት። አንድ ደቂቃ ዝም ብለን ቆምን። ከዚያ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ‹ግሩም ነው፤ ግን አላስገባውም› አለኝ። ‹እዚያ ቦታ የቁራ ባዶ ድምፅ ብቻ ይቀመጥ። ሰኞ ቀርጸነዋል።› እንደ ቀላል ነገር ነው ያለው። መቆሚያው እጄ ላይ እንዴት እንደመጣ...»

«ክቡና ሻማው ግን እጅህ ላይ ዝም ብሎ አልመጣም። በቁራ ላይ እንዲላከክ አስበህ ነው ያዘጋጀኸው።»

አንገቱን ደፋ።

«ዲስኩን ስትጥል ሶሎውን ለምን አልጣልከውም?»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት ተገርሞ። «እንዴት ይጣላል? ሰምተውታል አይደል?»

ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ አልመለስኩለትም።

ቁራን በራሴ መኪና ወሰድኩት። ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ ደረጃው ላይ፣ የለመደው ቦታ ተቀመጠ። አንኳኳሁ። እናትየው በሩን አንድ ስንዝር ከፍታ አየችኝ፤ ከእኔ ጀርባ ግን አላየችም።

«ገዳዩ አምኗል፣ እማማ። ልጅዎ ነፃ ነው።»

«ተመስገን። ዘፈኑስ?»

«ዘፈኑ አለ። አልዋሽዎትም፤ ጆሮ ይበሳል። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። መጀመሪያ ሻማው አምስት ነበር፤ ንጉሡ አምስቱንም እፍ ብሎ ያጠፋል። ሰኞ ዕለት ልጅዎ ሰባት አደረገው። አምስቱ ላይ የንጉሡ ትንፋሽ ያልቅበታል። ሁለቱ ሳይጠፉ ይቀራሉ።»

«ሁለቱ ምንድን ናቸው?»

ዞር ብዬ ቁራን አየሁት። ወረቀት አልያዘም፤ እጁ ባዶ አየር ያጥፋል።

«አንዷ በር ጀርባ የምትጸልይ ሴት ናት» አለ፤ ቀና ሳይል። «አንዱ ደረጃ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው።»

ከታች አንድ በር ተዘጋ። ካውያው ከውስጥ እንፋሎቱን ተፋ። እሷ ከበሩ ሥር የምታውቃቸውን ጫማዎች፣ ነጩንም ጥቁሩንም ማሰሪያ፣ አሁን ከላይ ሆና አየቻቸው።

«አንድ ጊዜ ብቻ እሰማዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «እሱ አጠገቤ ከተቀመጠ። ጫማውን ግን አውልቆ ይግባ፤ ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት።»